የወይዘሪት ቀኝና ግራ

ጥቅምት 6 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

ይህን ደብዳቤ ከመቀጠልዎ በፊት ወንበር ይሳቡ። ወንበር ከሌለ የአልጋ ጫፍ ይበቃል። አጠገብዎ ሰው ካለ እጁን ይያዙ፤ ሰው ከሌለ የበሩን እጀታ ይያዙ። ክፉ ወሬውን ማን ይጻፈው ተብሎ ሲመከር፣ ከሁላችን የባሰ የእጅ ጽሕፈት ያለው ይጻፈው፣ ቶሎ አይነበብም፣ ተብሎ ዕጣው ለእኔ ደረሰ።

የቤታችን ትልቅ፣ ሁላችንንም ተሸክማ ያሳደገች፣ በዝናብ ያላስመታችን፣ ደከመኝ ብላ መንገድ ላይ ጥላን የማታውቅ (ሁለት ሦስቴ ጥላናለች)፣ ከሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ጀምሮ ተጋድማለች። ሁለት ዓይኖቿ ወጥተው በጋዜጣ ተጠቅልለዋል። ጥርሶቿ ባልዲ ውስጥ ናቸው። ቆዳዋ ከግንባሯ እስከ ወገቧ ተገፏል። አባዬ ከራስጌዋ ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል። ጎረቤት እየመጣ ያያትና ከንፈሩን መጥጦ ይሄዳል።

መጽናናቱን ይስጥዎ። ወይዘሪት ናት።

ያው «መኪናዋን እንደነበረች አድርገህ ጠብቀኝ፣ በሚያዝያ እመጣለሁ» ብለሽ የለ? ዓይኗ መብራቷ ነው፣ ጥርሷ ከፊቷ ያለው ፍርግርግ ነው፣ ቆዳዋም ቀለሟ ነው። እስካሁን «እርስዎ» ያልኩሽ አባዬ ለታላቅ በአንቱታ ነው የሚጻፈው ስላለኝ ነው። አንቱታዬ እዚህ ላይ አልቋል፤ ከዚህ በታች አንቺ ነሽ።

ሥራውን የያዝኩት እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔው፣ ስምንተኛ ክፍልን ከመውደዴ የተነሳ ሁለት ጊዜ የተማርኩት። አባዬ ዕድሜ ልኩን ባቲላሜራ ሆኖ የሰው መኪና ሁሉ ሲያቃና ኖሮ፣ ወደ ገዛ አባቱ መኪና ስንመጣ መዶሻውን አቀበለኝና «አንተው ሥራት» አለኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም፤ መዶሻውን ሃሳቡን ቀይሮ እንዳይቀማኝ ፈርቼ። ትእዛዙ አንድ ብቻ ነው። «ሁሉንም ፋቅ፣ ሁሉንም አቃና። ፓራፋንጎዋ ላይ ያለውን ስርጉድ ግን እንዳትነካ።»

ፓራፋንጎ ማለት ያው የፊት ጎማዋ ላይ የተደፋው ቆርቆሮ ነው፤ ታውቂዋለሽ። «ምን ይሁን ብለህ ነው፣ ጉንጯ ላይ ስርጉድ ያላት ቆንጆ ነች እንዲባልላት ነው?» ብለው አልሳቀም። አያቴ ነፍሱን ይማረውና፣ ጠያቂ በዝቶባት ለማንም ያልተዳረች ናት ብሎ ነበር ወይዘሪት ያላት። አሁን ጠያቂዋ ዝገት ብቻ ሆኗል።

አባዬ ደጋግሞ ሰላም ብሎሻል። «ናፍቆትሽ አንጀቴን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ጨረሰው» ብሎሻል።

የጫማዬ ቁጥር 42 ነው። ይህን የጻፍኩት ለጠቅላላ እውቀትሽ ያህል ነው።

የወንድምሽ ልጅ፣
ቆርቆሮ

—

ጥቅምት 29 ቀን

ለቆርቆሮ፣

ሰላምታ አይገባህም። ግን እናቴ ሰላም ያላልሽውን ሰው አትስደቢ ብላ ስላሳደገችኝ፣ እንደምን አለህ? እኔ መጥቼ እስክነካህ ድረስ ክፉ አይንካህ።

ቆርቆሮ ብለው ያወጡልህ ሰዎች አውቀውበታል። ሌላው ቆርቆሮ የሚጮኸው ዝናብ ሲመታው ነው፤ አንተ ሳይመታህ ትጮኻለህ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ሥራ ቦታ ነው። የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ወንበር የሚባል ነገር የለም፤ አንሶላ የምናጥፍበት ረጅም ጠረጴዛና ማሽኖቹ ብቻ ናቸው። «ወንበር ይሳቡ» የሚለውን ሳነብ የቆሸሸ አንሶላ ክምር ላይ ቁጭ አልኩ። አብራኝ የምትሠራው ሴት ውሃ አመጣችልኝ። «የቤታችን ትልቅ» የሚለው ላይ ስደርስ ይኸው እዚህ ጋ ጽፌ የሰረዝኩት ነገር መሰለኝ። የሰረዝኩትን አታንብብ። ከዚያ «ጥርሶቿ ባልዲ ውስጥ» የሚለውን ሳነብ በሳቅ ፈነዳሁ፤ ሴትዮዋ ያበድኩ መስሏት ብርጭቆውን ተቀበለችኝ።

ሁለት አደራ አለኝ። አንደኛው ቀለሙ ነው። አረንጓዴውን አልፈልገውም። ከአረንጓዴው በፊት የነበረውን ሰማያዊ ነው የምፈልገው። «እንደነበረች» ስል እሱን ማለቴ ነው።

ሁለተኛው የቀኙ ፓራፋንጎ ላይ ያለው ስርጉድ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት በላክህልኝ ፎቶ ላይ አይቼዋለሁ። ባቲላሜራ ግቢ ውስጥ አንድ ስርጉድ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳይቃና የሚቀመጠው ተረስቶ አይደለም። ለማን እንደተቀመጠ አውቃለሁ። እኔ ከመምጣቴ በፊት ይጥፋ። አባትህ አትንካ ቢልም አንተ ንካው። ከመቼ ወዲህ ነው አትንካ የተባልከውን የማትነካው?

የአባትህን ሰላምታ አንብቤዋለሁ።

አክስትህ

—

ኅዳር 12 ቀን

ለማላውቃት፣ ግን ጭኗ ላይ ሸንቼባታለሁ ለሚሉኝ አክስቴ፣

ጤናሽ ጠዋት ጠዋት ያለ ግፊ እንደሚነሳ ሞተር ይሁን። እኛ ከወይዘሪት በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ስላስደነገጥኩሽ ይቅርታ። የምር ነው፤ ረቂቅ ደብተር ላይ ሦስት ጊዜ ተለማምጄ ነው የጻፍኩት። የሰረዝሽውን አላነበብኩም። ወረቀቱን የመስኮቱ መስታወት ላይ ብቻ ለጠፍኩት፤ «ወንድሜ መሰለኝ» የሚል ነገር ራሱ መጥቶ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ጥፋቱ የፀሐይዋ ነው።

ወደ ሥራችን። ወይዘሪትን በውሃና በብርጭቆ ወረቀት ስፍቃት ሽንኩርት ሆና አገኘኋት። ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ሰማያዊ፣ ከሥሩ ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው አመድማ፣ ከዚያ ራቁት ቆርቆሮ። እንደ ሽንኩርት ታስለቅሳለችም፤ ግን ከአቧራው ነው።

ሰማያዊ ብለሽ ጽፈሽ ተገላገልሽ። ቀለም ሻጩ ዘንድ ሄጄ «ሰማያዊ» ብለው አሥራ አራት ጣሳ ደረደረልኝ። «የሰማይ ዓይነት» ብለው «የስንት ሰዓት ሰማይ?» አለኝ። የወይዘሪትን ሰማያዊ ደግሞ አረንጓዴ ሳይደፋበት በፊት ፀሐይ በልቶት፣ ጣሪያዋ ላይ ሌላ፣ በሯ ላይ ሌላ ሆኗል። ግራ ገብቶኝ ስቆም አባዬ፣ የሌላ ሰው መኪና ሥር ተኝቶ፣ እግሩ ብቻ እየታየ፣ ማንም ሳይጠይቀው «ፀሐይ ያላየው ቦታ ፈልግ» አለ። የመብራቷን ቀለበት ፈትቼ ሥሩን ብፍቅ ትናንት የተቀባ የሚመስል ሰማያዊ አገኘሁ። ከእሱ አንድ ቅርፊት ልኬልሻለሁ። ይህ ነው? እሺ ካልሽ ቀለም ሻጩ እሱን እያየ ይቀምማል።

አሁን ስለ ስርጉዱ። አክስቴ፣ እንዳታፍሪ፣ ግን ቀኝና ግራሽን አታውቂም። ስርጉዱ ያለው በግራ ነው። ደንበኛም ሁሉ እንዳንቺ ነው፤ መኪናው ፊት ለፊት ይቆምና በራሱ ቀኝ «ቀኝ» ይላል። እኛ ባቲላሜራዎች ቀኝ የምንለው መሪ ጨብጦ የተቀመጠውን ሰው ቀኝ ነው። አባዬ ይህን በአንድ ጥፊ ነው ያስተማረኝ፤ አንዱን ጉንጬን መታኝና «ይሄ ቀኝ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ተሳስቼ አላውቅም።

እሱ አትንካ ይላል፣ አንቺ አጥፋ ትያለሽ። ሁለት አለቃ ያለው ሠራተኛ ምሳ ሰዓቱ አይታወቅም። ምን ተደራርጋችሁ ነው?

አባዬ «ካልመጣሽ ጸጉሬን እየነጨሁ እኖራለሁ» ብሎሻል። ጸጉር የለውም፣ ግን ስሜቱን ተረጂለት።

እግሬ መልስሽን ሲጠብቅ አድጎ 43 ሆኗል።

ቆርቆሮ

—

ታኅሣሥ 3 ቀን

ለቆርቆሮዬ፣

ሰላምህ ይብዛ፣ አፍህ ይነስ።

ቅርፊቷ ደረሰችኝ። ክፍሌ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቴ ሥር ሰፊ የመኪና ማቆሚያ አለ። ቅርፊቷን የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጬ፣ ከሥራ ስመለስ ከታች ከቆሙት መኪኖች ጋር አስተያያታለሁ። እስካሁን እሷን የሚመስል አንድ አላየሁም። አዎ፣ ይህ ነው።

ከየት እንደመጣ ልንገርህ። የእኔ የጸጉር ሪባን ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አባትህ ሃያ። ብቻውን የሚቀባት የመጀመሪያዋ መኪና ወይዘሪት ነበረች። ያኔም ቀለም ሻጩ «የትኛው ሰማያዊ?» ብሎት ኖሮ፣ እኔ በተኛሁበት ሪባኔን ከጸጉሬ ላይ ፈትቶ ለናሙና ወሰደው። ስነቃ በለቅሶ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆምኩት። በሦስተኛው ቀን እጄን ይዞ ወደ ግቢው አወጣኝ። «ይኸው ሪባንሽ። እንዲህ ሲተልቅ አይጠፋብሽም» አለኝ። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት ስሄድ፣ ጓደኞቼን በበራችን በኩል አሳልፌ «የእኔ ሪባን ናት» እላቸው ነበር። ማንም አላመነኝም።

አባታችን ኋላ «ሰማያዊ የልጅ መጫወቻ ነው» ብሎ አረንጓዴ አስቀባት። አባትህ አንድ ወር ለፋባት። ቀለሟ ሳምንት ሳይሞላው፣ እኔ ሃያ አራት ዓመት የሞላኝ ብልህ፣ መንዳት ለመድኩ ብዬ ቁልፉን ሳላስፈቅድ አነሳሁ። ሄጄ ተመለስኩ፤ መንገዱ ሁሉ ሰላም ነበር። የገዛ በራችን ላይ ስደርስ ምሰሶውን መታሁት።

አባትህ ወጣ። መጀመሪያ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ፓራፋንጎውን። «አንቺ የነካሽው ነገር ሁሉ እንደተሰረጎደ ይቀራል» አለኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ለጉዞዬ አሥር ቀን ነበር የቀረኝ፤ አሥሩን ቀን ዓይን ለዓይን ሳንተያይ አለፈ። የሄድኩ ዕለት ጣቢያ ድረስ አልሸኘኝም። ያንን ፎቶ ሳይ ገባኝ፤ እንደተሰረጎደ ይቀራል ብሏል፣ ቃሉን ጠብቆ አስቀርቶታል።

ስለ ቀኝና ግራ ደግሞ አታስተምረኝ። መሪ ጨብጬ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። የመታሁት ምሰሶ ወደ ግቢ ስትገባ በቀኝህ ያለው ነው፣ በፎቶህ ላይም ስርጉዱ በቀኝ ነው። ቀኝ ቀኝ ነው።

ካልጠፋ አልመጣም። ትኬቱ ይቅር። በዚህ ቀልድ የለም።

አክስትህ

—

ታኅሣሥ 21 ቀን

ለአክስቴ፣

ቸር ወሬ ያሰማሽ። የማሰማሽ እኔ ነኝ፣ እና ይህ ደብዳቤ ቀልድ የለበትም። አንድ ሁለት ቢያመልጠኝ ከልምድ ነው።

ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ፣ በክርክር ልረታሽ ብዬ ብቻ፣ ምንም የለበትም ብዬ እስካሁን ያልፋቅሁትን የቀኙን ፓራፋንጎ መፋቅ ጀመርኩ። አረንጓዴው ተነሳ። ቀጥሎ ሰማያዊው መምጣት አለበት፤ አልመጣም። አመድማውም የለም። ከአረንጓዴው ሥር እንደ ጥፍር የሳሳ፣ ስርጉድ የሚደፈንበት ስቱኮ፣ ከስቱኮው ሥር የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ። ወይዘሪት ከራስ እስከ እግሯ ሦስት ቀለም ለብሳለች፤ እዚህች ጋ ብቻ፣ ክንድ በማይሞላ ክብ ውስጥ፣ አንድ። ይህ ማለት አንድ ሰው እስከ ቆርቆሮው ፍቆ፣ አቃንቶ፣ እንደገና ቀብቶታል ማለት ነው።

ጎማዋን ፈትቼ ከውስጥ በኩል ተመለከትኩ። የመዶሻው ኮቴ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት ተጠምዝዞ ከዳር ወደ መሃል ይሄዳል። እኔ መሃሉን በመታሁ ቁጥር «ከዳር ጀምር አንተ ደንቆሮ» የሚለኝ ሰው አንድ ብቻ ነው። ከፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ ደግሞ፣ አረንጓዴው ውስጥ ጠልቆ የደረቀ የአውራ ጣት አሻራ አለ። እርጥብ ቀለም የነካ ሰው ጆሮ ላይ ይጨፍር የነበረው አባዬ፣ ራሱ ነክቶታል።

አክስቴ፣ ልክ ነበርሽ፤ አንቺ የመታሽው ቀኙን ነው። እኔም ልክ ነበርኩ፤ ስርጉዱ ያለው በግራ ነው። ፎቶውን ያነሳሁት ከፊቷ ቆሜ ነው። ከፊት ሲያዩአት የወይዘሪት ግራ በአንቺ ቀኝ ይውላል። ሁለት ዓመት ያየሽው ስርጉድ የአንቺ አይደለም።

ታዲያ የማን ነው? አባዬን በቀጥታ መጠየቅ ስለፈራሁ ዞርኩና «ለምንድን ነው አክስቴን ያልሸኘሃት?» አልኩት። «ቀለሙ አልደረቀም ነበር» አለኝና ወደ ሥራው ዞረ። አረጀ መሰለኝ፤ ስለ ሰው ስጠይቀው ስለ ቀለም ይመልሳል።

በነገታው ከበራችን ማዶ ካለው ጎሚስታ ዘንድ ሄድኩ። ጎማ ጠጋኙ ጋሼ በሕይወቱ ያላየው ጎማና ያላየው የጎረቤት ጉዳይ የለም።

«እሷ የሄደችበትን ሐሙስ እንዴት እረሳለሁ» አለኝ፣ የተነፈሰ የጎማ ካላማዳሪ ውሃ ውስጥ እየነከረ። «ዘጠኝ ቀን ሙሉ፣ እሷ እንዳታይ ሸራ ጋርዶ፣ ያንን ፓራፋንጎ እንደ ሕፃን ሲዳብስ ከረመ። በዘጠነኛው ቀባው። ሐምሌ ላይ ቀለም ይደርቃል እንዴ? ሌሊቱን አልነጋለትም፤ ጠዋት ካርቶን ይዞ ያራግባል፣ በጣቱ ነካ ያደርጋል፣ ይሳደባል፣ እንደገና ያራግባል።»

«መኪናዋን እንዳለች ለምን አልወሰዳትም?»

«እንደዚያ ብዬው ነበር። 'አዲስ ሆና ካላየቻት አልወስዳትም' አለኝ። በመጨረሻ ከነእርጥቧ አስነስቶ ሮጠ። ጣቢያ ሲደርስ አውቶቡሱ ኋላውን ሰጥቶታል። ሲመለስ እዚህች በር ላይ እንደ ዕውር ገብቶ የግራውን ምሰሶ ላጠው። 'ምን ሆንክ?' ብለው 'ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገባች' አለኝ።» ካላማዳሪውን ከውሃው አወጣው። «ፀሐይ ከታየች ዘጠኝ ቀን ሆኗት ነበር።»

በፀሐይ ማሳበብ ለካ ከዘር ነው የወረስኩት።

እንግዲህ አክስቴ፣ አንቺ የነካሽው በዘጠኝ ቀን ተቃንቷል። ሳይቃና የቀረው እሱ የነካው ነው።

አንድ ኑዛዜ ልጨምር። እስከ ዛሬ «አባዬ እንዲህ ብሎሻል» እያልኩ የጻፍኩልሽ ሁሉ የእኔ ፈጠራ ነው። ልጽፍላት ነው ስለው «ሰላም በላት» ይለኛል፣ እሱም ፊቱን ካዞረ በኋላ። የቀረው የእኔ ነው። ዛሬ ግን ምንም አልጨምርም። ሰላም ብሎሻል።

ቆርቆሮ

—

ጥር 8 ቀን

ለቆርቆሮዬ፣

ጤና ይስጥህ፣ ከነአባትህ፣ ከነጎሚስታው።

ደብዳቤህን በሰው ፊት ማንበብ ስላልቻልኩ ልብስ መተኮሻው ክፍል ገብቼ አነበብኩት። እንፋሎት ስላለ ማንም ማንንም አያይም። ደጋግሜ ሄድኩበት። መልስ የዘገየው ለዚህ ነው፤ በጻፍኩ ቁጥር ሰረዝኩ፣ ከሰረዝኩ ደግሞ አንተ መስኮት ላይ ትለጥፈዋለህ።

ሰላምታዎቹ የአንተ እንደሆኑ ከመጀመሪያው አውቄያለሁ። ወንድሜ «አንጀቴ ተፋቀ» የሚል ሰው አይደለም። ተው ያላልኩህ ማንበቡን ስለወደድኩት ነው።

የግራውን ስርጉድ አትንካው። ስማኝ፣ አትንካው። ያዘዝኩህን ሁሉ እርሳው። እንዳለ ልየው፣ እጄን ላሳርፍበት። ሌላ ምንም አልፈልግም።

አክስትህ

—

ጥር 10 ቀን

ለጠፋችው አክስቴ፣

ዝምታሽን ይባርክልሽ፤ እንደዚህ አምሮበት አያውቅም።

መልስሽን ሃያ ቀን ጠበቅሁ፤ ከዚያ በላይ አላስቻለኝም። ሆዴ ውስጥ ነገር ሲያድር ያብጣል። ሻይ እየጠጣን ለአባዬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ስርጉዱን ለእሷ መውቀሻ ያስቀመጥከው መስሏት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትቃጠል ኖራለች፣ ካልጠፋም አልመጣም ብላለች፣ አልኩት።

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «መውቀሻማ ነው» አለ። «ግን እሷ ምን አገባት?»

ከዚያ ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ ኪሱ ከተተና መዶሻውን ስጠኝ አለኝ። እኔ ከውስጥ በኩል ድጋፉን ያዝኩለት። ከዳር ጀመረ። ከጠዋት እስከ ምሳ፣ ቀጭ ቀጭ ቀጭ፣ ሰዓት እንደሚሄድ። ጎሚስታው ሥራውን ትቶ መጥቶ ቆሞ ያያል። ሲጨርስ መዳፉን ቆርቆሮው ላይ ወዲያና ወዲህ አስኬደውና «ስቱኮውን አሳሳው» ብሎኝ ሄደ።

እንግዲህ ጠፍቷል። ማሳበቢያሽም አብሮ ጠፍቷል። ትኬትሽን ቁረጪ።

ቆርቆሮ

—

ጥር 27 ቀን

ለአክስቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ጉድ ሆነን ሰንብተናል።

«አትንካው» ያልሽው ደብዳቤ ትናንት ደረሰ። የእኔና የአንቺ ደብዳቤዎች መንገድ ላይ ተላልፈው ሰላም እንኳን ሳይባባሉ ቀርተዋል፤ እነሱም ከዚህ ቤተሰብ ናቸው።

ለአባዬ አነበብኩለት። «እጄን ላሳርፍበት» የምትለዋን ድገምልኝ አለ። ደገምኩለት። ስርጉዱ የነበረበት ቦታ ሄዶ ቆመ። አሁን ሰማያዊ ነው፤ ልስልስ ያለ፣ ምንም የሌለበት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀውን ነገር ሳትደርሺለት በአንድ ጠዋት አቃንቶት፣ መዶሻውን አንዴ ያየዋል፣ አንዴ ፓራፋንጎውን። እንደነበረ ልመልሰው ብሎ እንዳያስብ ፈርቼ መዶሻውን ደበቅሁ።

በመጨረሻ «ጻፍ» አለኝ። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። እንደማታምኚኝ ስላወቅሁ ጎሚስታውን ምስክር ጠርቼ፣ የአባዬን አውራ ጣት ጥቁር ቅባት ውስጥ ነክሬ ከታች አስፈርሜዋለሁ። ቃሉ ይህ ነው፦

«በሩ እንዳለ ነው። ምሰሶውም እንዳለ ነው። ስርጉድ ከፈለገች ትምጣና ራሷ ታስገባው። የፈለገችውን ጎን ትምታ። እኔ አቃናዋለሁ።»

ሌላ ምን ልጨምር አልኩት። «ሰላም በላት» አለኝ። ፊቱን አላዞረም።

ቆርቆሮ

—

የካቲት 14 ቀን

ለወንድሜ፣ በቆርቆሮ በኩል፣

እንደምን አለህ? እኔ ደህና ነኝ። ይህን መጻፍ እንዲህ ቀላል ነው ለካ።

ሚያዝያ 10 ጠዋት ጣቢያ እደርሳለሁ። በወይዘሪት ና። ቀለሙ ይድረቅ አይድረቅ ግድ የለኝም፤ እርጥብም ቢሆን ና።

እስከ ሰፈራችን ጥግ አንተ ንዳ። ከጥጉ እስከ በሩ መሪው የእኔ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ መሪ ነክቼ አላውቅም፤ ምሰሶውን አስጠንቅቁት።

ለልጅህ ጫማ ገዝቻለሁ። 44 ነው፤ እስክደርስ ማደጉ አይቀርም።

እህትህ

—

መጋቢት 2 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

አንቱታው የተመለሰው አባዬ ከበስተኋላዬ ቆሞ ስለሚያነብ ነው። አሁን ሄደ።

ቀለሙ ደርቋል። በጣቴ ነክቼ ነው ያረጋገጥኩት። አባዬ አይቶኝ ጆሮዬን አልያዘኝም፤ እሱም ከወዲያኛው ጎን እየነካ ነበር። የድሮውን የአውራ ጣት አሻራ አልፋቅሁትም። ዙሪያውን ሰማያዊ ቀባሁና እሷን ከነአረንጓዴዋ ተውኳት፤ ጥፍር ታክላለች፣ ጎንበስ ካላልሽ አትታይም። ጎሚስታው ምሰሶው ላይ አሮጌ ጎማ ሊያስርበት ፈልጎ አባዬ ከልክሎታል።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ወንበር ሳቢ፣ የበር እጀታ ያዢ፣ ከባድ ወሬ አለ ብዬሽ ነበር። ስርጉዱ ከመቃናቱ በፊት ለክቼው ስለነበር ልኩን ላሳውቅሽ ይገባኛል። ስፋቱ የአንድ ሰው መዳፍ አይሞላም። ጥልቀቱ የጣት አንድ አንጓ ነው። የፈጀው ስቱኮ ሁለት የሻይ ማንኪያ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ባሕር ማዶ ለማዶ ያቆያችሁ ይሄ ነው እንግዲህ።

ትንሽ ነገር ነበረች አክስቴ። እኛ ጋራዥ እንዲህ ዓይነቷን ይዞ የመጣ ደንበኛ፣ ማዶ ሻይ ጠጥቶ እስኪመለስ ነው የምንጨርስለት።

ቆርቆሮ